ሁለት ቅጂ

ከሌሊቱ አሥር ተኩል፣ ትሪየስቴ ገና ሳትነቃ፣
ቦራ የሚሉት ነፋስ የኪዮስኩን ቆርቆሮ ይዞ ሲያንቋቋ፣
የሊቪዮ ነጭ መኪና ይደርሳል፤ ሞተሩን አያጠፋም፤
«ፈርሚ» ይለኛል፤ ሌላ ቃል ከአፉ አይተፋም።

ጥቅሉን በሴንጢ እበጥሳለሁ፤ የታሰረው ሁሉ ይፈታል፤
በየሽፋኑ አንድ ዘፋኝ፣ አፉን ከፍቶ፣ ያለ ድምፅ ያፈጣል።

መደርደሪያ የድግስ ዳስ ነው፤ ሁሉም አይቀመጥ ከላይ፤
ለቦታው የከፈለ ብቻ ነው በዓይን ትክክል የሚታይ፦
ሮኩ በወርቅ ቀለሙ፣ ፖፑ በጥርሱ፣
ሲዲ ያዘለው ጃዝ በላስቲክ ልብሱ፣
ኦፔራው ወፍራም ወረቀት ደርቦ፣ በዋጋው ኮርቶ ለራሱ።

ከታች ግን፣ ጉልበት ካላጠፉ በማይታየው መስመር፣
ከአትክልት መጽሔትና ከቃላት እንቆቅልሽ ጋር ሲዳበር፣
ሁለት ቅጂ ይመጣል፤ ግራጫ፣ ስስ፤ ስሙ ቢመለስ «አውታር»፤
ስለ እንጨት፣ ስለ ሙጫ፣ ስለ ቫዮሊን ጠጋኞች የሚያወራ፣
የመምቻውን የፈረስ ጭራ የሚቆጥር ተራ በተራ።

ባለቤቷ ኒቬስ «ማን ይገዛዋል?» ትላለች፤ ግን አንድም ቀን አልሰረዘችው።
«የሚፈልገው ሰው ሲመጣ ከታጣ፣ ኪዮስክ ምኑን ኪዮስክ ነው?»

ሲኞር ኦታቪዮ ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣል፤
ባርኔጣውን ነፋሱ እንዳይነጥቀው በመዳፉ ይጫነዋል።
አይገዛም። ግራ ቀኝ ያያል፤ እንደ ሌባ ያጎነብሳል፤
«አውታር»ን ከሥር መዝዞ በሮኩ ዘፋኝ ፊት ላይ ያነግሣል።

እሱ ሲወጣ እመልሳለሁ፤ ቦታው የተከፈለበት ነው።
በሳምንቱ ያወጣዋል፤ በሳምንቱ እኔ ነኝ የማወርደው።
ስድስት ወር እንዲህ ሠራን፤ ሳንነጋገር፣ ሳንኮራረፍ፣
አንድ ንጉሥ ስንሾም ስንሽር፣ በክንድ በማይሞላ ረድፍ።

አዘጋጁ መሰለኝ። ወይ የአዘጋጁ አባት።
ዝናብ ሰው ባሳጣን ዕለት ቀረብ ብዬ ጠየቅሁት።
አልመለሰልኝም፤ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ፤
ጥፍሩ ከአንዲት ጠባብ ማስታወቂያ ሥር ተቀመጠ፦

«የሚሸጥ ቼሎ፣ ከነማኅደሩ። አንገቱ አንዴ ተሰብሮ ተጠግኗል።
አርባ ዓመት አንዲት ሴት ብቻ ይዛዋለች። በዋጋው መነጋገር ይቻላል።»

«ማየት አለባቸው» አለ። «ካላዩት ማን ይደውልልኛል?»

ከዚያ ወዲህ ማውረዱን ተውኩ፤
ኒቬስም አይታ እንዳላየች አለፈች።
አንዳንዴ እሱ ሳይመጣ በፊት እኔው አነግሠዋለሁ፤
የሮኩ ዘፋኝ በጎን በኩል አንድ ዓይኑን ብቻ ያሾልካል።

በመጋቢት አንድ ማክሰኞ ግን፣ በሩን ገና ሳልከፍት ቆሞ አገኘሁት፤
ባርኔጣ የለውም፤ ነፋሱ ሽበቱን ወደፈለገው ያስተኛዋል።
ሁለቱንም ቅጂ ካስቀመጥኩበት አነሣ፤
ግራ ቀኝ አየ፤ ተንበረከከ፤ ጉልበቱ ቋ አለ፤
ከእንቆቅልሹ ጀርባ፣ ከአትክልቱም ጀርባ፣
ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሸሸጋቸው።

«ትናንት ማታ» አለኝ፣ ሳልጠይቀው፣
«ከኡዲኔ አንድ ሰው ደወለ። ድምፁ እንዴት ነው አለኝ።
ልነግረው ብዬ ከማኅደሩ አወጣሁት።»
የቀረውን አልጨረሰም።
የአውቶቡስ ቲኬት ገዛ፤ በስድስት ወር ውስጥ ከእኛ የገዛው የመጀመሪያው ነገር፤
ሄደ።

ከሰዓት በኋላ የቫዮሊን ማኅደር ያነገበች ልጅ መጣች፤
የትምህርት ቤት ሹራቧ እጅጌ ረጥቧል።
«‹አውታር› አለ?» አለችኝ።
የኒቬስ ቃል ከጀርባዬ ቆሞ ሲያየኝ ተሰማኝ።
«አልቋል» አልኳት።
ውሸቱ እንደ ሙጫ ከጥርሴ ተጣበቀ፤
እሷ ግን አመስግናኝ ሄደች።

ወሩ ሲያልቅ፣ ከሌሊቱ አሥር ተኩል፣
ሊቪዮ የተመላሽ ቅጹን በመኪናው አፍንጫ ላይ ዘረጋ፦
የመጣ፣ ሁለት። የተሸጠ፣ ምንም። የተመለሰ፣ ሁለት።
ሞተሩን አላጠፋም።
«ፈርሚ» አለኝ።
ፈረምኩ።